የአራት ቀን አፈር

ቀለበቱ የለም።

ፊሎሜና ሰማያዊውን ሲኒ ገለበጠችው። ውስጡን በጣቷ ዳበሰች። መደርደሪያውን እስከ ግድግዳው ጠረገች። አቧራና አንድ የሞተ ዝንብ፤ ሌላ ምንም።

ሟች ባሏ ኦወን ያጠለቀላት የጋብቻ ቀለበት ነው። ሰኞ ቀትር ላይ ጣቷ አብጦ ቢያስጨንቃት በሳሙና አሟልጫ አወለቀችውና እዚህ ሲኒ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ የመንጋጋዋ ሕመም ሲብስባት ክኒኗን ውጣ ተኛች። ይኸው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ቀለበቱ የለም።

ወይስ ሲኒው ውስጥ አላስቀመጠችውም?

ያስፈራት ይህቺ «ወይስ» ናት። ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል።

የባሰ ግራ ያጋባት ደግሞ መንጋጋዋ ነው። ሦስት ሳምንት ሲያስለቅሳት የከረመው ሕመም አድሮ ጠፍቷል። ቀለበትና ሕመም በአንድ ቀን ሲጠፉ ሰው ምን ይበል? ሕመም የሚሰርቅ ሌባ አለ እንዴ?

«ሩምቢ! ቀለበቴን አይተሻል?»

ሩምቢድዛይ፣ በአጭሩ ሩምቢ፣ ከዚምባብዌ የመጣች፣ ሁለት ዓመት ያስታመመቻት ሴት ናት። ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«አላየሁም፣ እማማ።»

«ትናንት ተኝቼ ሳለ ሰው መጥቶ ነበር?»

«እኔ... አላየሁም።»

ዓይኗን ሰበረች። ፊሎሜና ፊደል ባትቆጥርም ሰው ታነባለች። ይህቺ ልጅ የደበቀችው ነገር አለ።

ማታውን የወንድሟ ልጅ ጃርላት መጣ። ደብሊን ተወልዶ ደብሊን ያደገ፣ የላምን ፊት ከኋላዋ መለየት ከጀመረ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ከቤቷ ጀርባ ያለውን ጉብታ በነፋስ መብራት የሚያመነጭ ተርባይን ለሚተክሉ ሰዎች ሽጪ እያለ ሲነዘንዛት ከርሟል።

«አክስቴ፣ ነገሩ ከሁለት አያልፍም» አላት፣ ሻይዋን እየጠጣ። «ወይ ልጅቷ ሰርቃለች፣ ወይ አንቺ መርሳት ጀምረሻል። ከሰረቀች ትሂድ። ከረሳሽ ደግሞ ብቻሽን መኖር አትችዪም። መጦሪያ ቤቱ እኮ ንጹሕ ነው፤ ምግቡም...»

«እንዲህ ከጣፈጠህ አንተ ግባበት።»

«ለአንቺ አስቤ ነው።»

«አታስብልኝ። ሐሳብህ ጉብታ ጉብታ ይላል።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ልቧ ተሸብሯል። ሁለቱም መንገድ የሚያደርሰው እዚያው መጦሪያ ቤት ነው። ያለ ሩምቢ ከአልጋ መነሳት አትችልም። ፊሎሜና እዚያ ገባች ማለት ደግሞ፣ ሌላ ዘመድ ስለሌላት፣ የቤቱም የጉብታውም ወረቀት ጃርላት እጅ ወደቀ ማለት ነው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ጃርላት የመንደሩን ፖሊስ፣ ሳጅን ፊንታንን፣ ይዞ መጣ። ሳጅኑ ከሩቅ ከተማ፣ ከኮርክ፣ ተዛውሮ የመጣ፣ ረጅምና ድካም የሚነበብበት ሰው ነው። በሩ ላይ ሩምቢን አገኟት፤ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቀይ ጃንጥላዋን ይዛ።

«ወዴት ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ወደ ሱቅ።»

«ዝናቡ ቆሟል። ጃንጥላው ለምንድን ነው?»

«እዚህ አገር ዝናብ ይቆማል እንዴ?»

ፊሎሜና ሳታስበው ሳቀች። ሳጅኑ አልሳቀም። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠና ማስታወሻውን ከፈተ።

«ሰኞ ከቀትር በኋላ የት ነበርሽ?»

ሩምቢ የካፖርቷን ቁልፍ ነካካች።

«ቀላል ጥያቄ ነው። እዚህ ነበርሽ?»

ሩምቢ አንድ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ኪስሽ ውስጥ ምን አለ?»

ሩምቢ ወደ ፊሎሜና አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇን ከኪሷ ስታወጣ የተቋጠረ ነጭ መሐረብ ይዛለች። ሳጅኑ ፈታው።

አፈር። አንድ ማንኪያ የማይሞላ ጥቁር አፈር።

«ይኸው!» ጃርላት ከወንበሩ ተነሳ። «ቀብራዋለች! ቀብራ እጇን የጠረገችበት ነው! ሳጅን፣ ቦርሳዋን እኔ ላምጣው፤ ክፍሏን አውቀዋለሁ።» አንድ እጁ የጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው።

«አንተ ቁጭ በል። ፍተሻ የእኔ ሥራ ነው» አለ ሳጅኑ።

ፊሎሜና ግን ሁለቱንም አልሰማቻቸውም። መሐረቡን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ይህን ሽታ ታውቀዋለች። ልጅ ሆና ጆሮዋ ሲመግል እናቷ ትራሷ ሥር ያደረገችላት አፈር ነው። ከመንደሩ ድልድይ ማዶ ባለው አሮጌ የመቃብር ስፍራ፣ ፈዋሽ ከሚባሉ አንድ ቄስ መቃብር ላይ የሚወሰድ። ሕጉን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፦ አንድ ማንኪያ ብቻ ይወሰዳል፤ አምጪው ለታማሚው ትንፍሽ አይልም፤ በአራተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተመለሰ መድኃኒቱ እርግማን ይሆናል።

በጣቷ ቆጠረች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ።

ለካ ሕመሟን የወሰደው ሌባ ይኼ ነው! «ያን አፈር የሚያመጣልኝ ሰው ባገኝ» ብላ ባለፈው ሳምንት ያጉረመረመችው ራሷ ናት። ልጅቷ ማታ ማታ ትራሷ ሥር ስታደርግ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ኪሷ ስትመልስ ከርማለች።

ደስታዋ ግን አልቆየም። ከድልድዩ ማዶ ሌላ አገር ነው። የዚህ አገር ሰውና የዚያ አገር ሰው ያለ ወረቀት፣ ያለ ጠያቂ ይመላለሳል፤ ፊሎሜና ራሷ ዳቦዋን የምታስገዛው ከማዶ ነው። ሩምቢ ግን ዳቦውን እንኳ ሄዳ አምጥታ አታውቅም። የመኖሪያ ፈቃዷ የሚሠራው እስከ ድልድዩ እኩሌታ ነው። ተሻግራ ብትገኝ ፈቃዷን ተነጥቃ ወደ አገሯ ትባረራለች። እውነቱን ብትናገር ትባረራለች፤ ዝም ብትል ሌባ ትባላለች። ይህን ነው አንገቷን ደፍታ የተሸከመችው።

ሰኞ ልጅቷ ግማሽ ሰዓት ከቤት ወጥታለች ማለት ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት አንድ ሰው ገብቷል። ቤቱ ጠባቂ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው። ስትሻገር ያያት ሰው።

ፊሎሜና የጃርላትን የጃኬት ኪስ ተመለከተች። እጁ አሁንም እዚያው ነው።

«አንተ ሰኞ የት ነበርክ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ካሪክ፣ ከብት ገበያ። ቀኑን ሙሉ።»

«ቃሉን ሰጥቶ ፈርሞልኛልም» አለ ሳጅኑ።

ካሪክ ወደ ደቡብ ነው፤ የአንድ ሰዓት መንገድ። ድልድዩ ወደ ሰሜን።

ፊሎሜና ስድብ እንጂ ውሸት ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ወጣ።

«ሳጅን፣ ጻፍ! ሰኞ ሩምቢ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ እጄን ይዛኝ ነበር። ከቀትር እስከ ማታ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አላለችም። ዓይኔ ተከድኖ ነበር እንጂ አልተኛሁም። ሌባ ብትሆን እኔው ራሴ አስራት ነበር።»

ሩምቢ ቀና አለች። ሳጅኑ መጻፍ ጀመረ።

«ውሸት ነው!» ጃርላት ጠረጴዛውን መታ። «ትሸፍንላታለች! በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ያንን ቀይ ጃንጥላ ይዛ ድልድዩን ስትሻገር! እቤት አልነበረችም!»

ሳጅኑ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ከየት ሆነህ ነው ያየሃት?»

«ከ... ከማዶ፣ ከነዳጅ ማደያው።»

«ካሪክ አልነበርክም?»

«ወይፈኖቹ ነዳጅ ሊቀዱ መጥተው ይሆናል» አለች ፊሎሜና።

«ደግሞስ» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ፣ «እሷ ድልድይ ላይ ከነበረች፣ ከዚህ ቀለበት ያነሳችው በየትኛው እጇ ነው?»

ጃርላት እጁን የጃኬቱ ኪስ ውስጥ ይበልጥ ከተተ።

«ኪስህን አራግፍ።»

«ምን አገባው ኪሴ...»

«አራግፍ!»

ቀለበቱ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለና የአፈሩ መሐረብ ዘንድ ደርሶ ቆመ።

«ቦርሳዋን ላምጣ ያልከው ለዚህ ነው» አለች ፊሎሜና። «ልትከትባት።»

«ወርቁን አልፈለግሁም!» ጃርላት ፊቱን ሸፈነ። «እሷ ብትሄድ አንቺ መጦሪያ ትገቢ ነበር። የተርባይኖቹ ሰዎች እስከ ገና ነው የሚጠብቁኝ። ጉብታው እኮ ሳር እንኳ አያበቅልም፣ አክስቴ!»

«አንተስ ምን አበቀልክ?»

ሳጅኑ ጃርላትን በክንዱ ይዞ አስነሳው። ከዚያ ወደ ሩምቢ ዞረ። የውጭ ሰዎችን ፈቃድ የሚያድሰውም ይኸው ሰው ነው።

«አሁን ስለ ድልድይ የተነሳ ነገር ነበር» አለ።

ሩምቢ ጃንጥላዋን በሁለት እጇ ጨመቀችው።

«ሌባ የተናገረው ነው» አለች ፊሎሜና።

ሳጅኑ ማስታወሻውን ትንሽ አየው። «ቀለበቱ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። ለዚህ ክስ ድልድይ አያስፈልገኝም» አለና ማስታወሻውን ዘጋ። «የአፈሩ ነገር ግን አልገባኝም።»

«ለኮርክ ሰው አይገባም። አምጣው፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው።»

ሩምቢ ደግፋት እስከ ድልድዩ ወረዱ። ፊሎሜና ቀለበቷን አጥልቃለች፤ ጣቷን እየቆረጠማት።

«ይቅርታ፣ እማማ። ካልነገርኩሽ ነው የሚያድነው ስላልሽ...»

«ዝም በዪ። ተሽሎኛል እኮ። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ለቄስ ውሸት ልናዘዝ ነው፤ በአንቺ ምክንያት።»

ድልድዩ እኩሌታ ላይ ደረሱ። እዚያ ምንም የለም። ኬላ የለም፣ ወታደር የለም። የመንገዱ ዳር ቢጫ መስመር ያበቃል፣ ነጩ ይጀምራል፤ በቃ። ሩምቢ ክንዷን ለቀቀችና ቆመች።

ፊሎሜና በምርኩዟ ብቻዋን ሄደች። ሁለት መቶ እርምጃ ለጉልበቷ ሁለት መቶ ቅጣት ነው። መቃብሩ ላይ ጎንበስ ብላ አፈሩን ለቦታው መለሰች፣ መሐረቡን አራገፈች፣ ጸሎቷንም አጉተመተመች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ መጣችበት አየች።

ዕድሜዋን ሙሉ ተመላልሳበታለች፤ ድንበሩን ግን አይታው አታውቅም። ዛሬ አየችው። ቀይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል፤ እሷን እየጠበቀ።