«ከእግሬ ላይ ይውረዱ!»

ሙቲንታ በዚያ ወር ለሦስተኛ ጊዜ ከመድረኩ ፊት ተንበርክካ እያለቀሰች ነው። ፓስተሩ «ንስሐ መግባት የምትፈልጉ ወደ ፊት ኑ» ባሉ ቁጥር ከሁሉም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። አንዲት እናት መሐረባቸውን አቀበሏትና አጠገባቸው ላለችው ሴት፣ «ገና አሥራ አራት ዓመቷ እኮ ነው! እንዴት ያለ ልብ ነው የሰጣት!» አሉ፣ ሙቲንታም እንድትሰማ አድርገው።

ሙቲንታ አፍንጫዋን እየጠረገች ሰረቅ አድርጋ ወደ ኋላ አየች። ሉያንዶ በሩ አጠገብ፣ አሮጊቶቹ መሃል ተቀምጣ ወለል ወለሉን ታያለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ቢሆን ቦታዋ ከመዘምራኑ ጋር፣ ከትልቁ ከበሮ ኋላ ነበር። በቾማ ከተማ እንደሷ ከበሮ የሚያናግር ልጅ የለም።

ነገሩ የማንጎ ነው። ያን ቀን ሙቲንታ ለልምምድ ከሁሉም ቀድማ ደረሰችና በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ዛፍ ላይ አንድ የበሰለ ማንጎ አየች። አላስችል አላት። ቆዳው እንዲሞቅ ፀሐይ ላይ የተቀመጠውን ከበሮ አስጠግታ ወጣችበት። ከበሮው «ቧ!» ብሎ እስከ ጉልበቷ ዋጣት። የመዘምራኑ መሪ መምህር ሙዴንዳ መጥተው «ይሄን ማን ሠራው?» ብለው ሲጮኹ ምላሷ ቀደማት፤ «ሉያንዶ ስትቀመጥበት አይቻለሁ» አለች። ሉያንዶ ብትምል ብትገዘት የሚያምናት ጠፋ፤ ከበሮ ላይ መቀመጥ የድሮ አመሏ ነበርና። ከመዘምራኑ ታገደች።

ሰኞ ሙቲንታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ በረንዳው ላይ የብስክሌታቸውን ጎማ ይለጥፋሉ። ምሳዋን፣ ያን የምትወደውን የበቆሎ ገንፎ፣ ንሺማ በእርጎ፣ እንደቀረበ ትታው አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አያቴ፣ እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ ለምን አይቀለኝም? ሦስት ጊዜ አልቅሼ ለምኜዋለሁ።»

«ምን አድርገሽ ነው?»

ነገረቻቸው። እግሯ ሲገባበት ከበሮው «ቧ!» ማለቱን ስትናገር አያቷ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ከዚያ ብድግ አሉና በዚያ ከባድ ጫማቸው የእግሯን ጣቶች ረገጧቸው።

«ኧረ አያቴ! ያማል!»

«ይቅርታ የኔ ልጅ» አሉ እንደቆሙ። «በጣም ነው ያዘንኩት። ልቤ ተሰብሯል። ላልቅስልሽ?»

«ምን ያደርግልኛል? መጀመሪያ ከእግሬ ላይ ይውረዱ!»

አያቷ ወረዱ። «ያቺ ልጅስ እንደዚሁ አትልሽም?» አሉና ወደ ጎማቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ሙቲንታ ሉያንዶን ከክፍል ስትወጣ ጠበቀቻት። «ነገ ልምምድ ላይ ነይ። አደራ።»

«ምነው፣ ሙድ ልትይዢብኝ ነው?» አለች ሉያንዶ። ቢሆንም ረቡዕ መጣች፤ ገብታ ግን አልተቀመጠችም፣ በሩን ተደግፋ ቆመች።

ሙቲንታ ከመስመሯ ወጣች። «ከበሮውን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ማንጎ ላወርድ ቆሜበት ነው። ሉያንዶ የለችበትም፤ ዋሽቼባት ነው። ሉያንዶ፣ ይቅርታ።»

ከመዘምራኑ አንዱ ቾልዌ፣ ያ ድምፀ ጎርናናው፣ «ቆይ ቆይ፣ ማንጎውንስ አገኘሽው?» አለ።

«አላገኘሁትም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሉያንዶም ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። መምህር ሙዴንዳ ግን አልሳቁም። «ለመከር ምስጋና በዓል ብቻሽን የምትዘምሪውን ሌላ ልጅ ትይዘዋለች» አሏት። «ቅዳሜ ደግሞ አዲሱን ቆዳ አብረን እንወጥራለን። እርጥብ የፍየል ቆዳ ሸትቶሽ ያውቃል? ታውቂዋለሽ።» ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ። «ሉያንዶ ልጄ፣ እኔም ሳላጣራ ፈረድኩብሽ። ይቅር በይኝ። ነይ፣ ቦታሽ ክፍት ነው።»

ሉያንዶ ጥግ ያለውን ባዶ ጀሪካን አነሳችና ገልብጣ መታችው። መዘምራኑ ተቀበሏት፤ እንዲህ ያለ ልምምድ ኖሮ አያውቅም። ሙቲንታ ከኋላ መስመር ሆና ጉሮሮዋ እስኪነቃ ዘመረች።

ሲወጡ ሉያንዶ ከጎኗ ሆነች። «ያለቀ እንዳይመስልሽ። ገና አልበረደልኝም።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ 'ውሸታም ወለድኩ' እያለች ነው የከረመችው። እሷ ደግሞ ዛሬ እዚህ አልነበረችም።»

ሙቲንታ ቆመች። የሉያንዶን እናት የማይፈራ የለም፤ ገበያ መሃል ቲማቲም እየሸጡ ከተናገሩ ባቡር ጣቢያው ድረስ ይሰማል። የቤቷ መንገድ በግራ ነው፤ ምሳዋን አልበላችም፣ የዛሬው ደግሞ ለአንድ ቀን በቂ ይመስል ነበር።

«አሁን ገበያ ናቸው?»

«ዕቃዋን እየሰበሰበች ይሆናል። ሰው ፊት ነው የምትጮህብሽ፣ እወቂው።»

«ይጩሁብኝ።»

«እንግዲያው ፈጠን በይ፣ ትሄድብናለች» አለች ሉያንዶ፤ ሙቲንታም ቦርሳዋን ወደ ጀርባዋ ገፋ አድርጋ ወደ ቀኝ ታጠፈች።