ንቅንቅ ያላለችው ቁልፍ

ጁማና ስልኳን ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ ስትቀይረው ከክፍል ጓደኛዋ ከሩባ ጋር የሠሩት የትምህርት ቤት አውቶቡስ አፕ ስክሪን ተገለበጠ፤ የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ሄደ። ትናንት የጨመረቻት ቁልፍ፣ «ጠብቁኝ» የምትለዋ፣ ግን ንቅንቅ አላለችም። እዚያው ግራ ጥግ እንደተገተረች «ዛሬ አልመጣም» የሚለው ቁልፍ መጥቶ ግማሽ አካሏ ላይ ተጋደመባት።

ጁማና «ጠብቁኝ»ን ተጫነች። «አልመጣም» ተላከ።

«ሩባ፣ ነይ እዪ! ጉድ ሆነናል!»

ሩባ ዛዕታር ቅመም የተነሰነሰበት ዳቦዋን እያኘከች መጣች። «ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ለሚስ ኢብቲሳም በዐረብኛም ሞክረነዋል ብለሻት አልነበር?»

«በስልኬ ሞክሬዋለሁ።»

«ስልክሽ እንግሊዝኛ ነው!»

«ያንቺስ? የለንደን ልጅ ይመስል!»

እውነቷን ነው። ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ስልኩን በዐረብኛ የሚጠቀም የለም፤ ያስፎግራል። የታችኛው ክፍል ልጆች ስልክ ግን ከእናቶቻቸው የተረፈ ነው፤ ሁሉም ዐረብኛ። ጥፋቱ ደግሞ የራሷ የጁማና ነው። ቁልፏ ከቋንቋው ጋር እንድትዞር «መነሻው ጋ» ማለት ሲገባት «ግራ» ብላ ቸነከረቻት።

«ዝም ብለን ለዳይሬክተሯ በእንግሊዝኛ እናሳያት» አለች ሩባ። «እሑድ የሳምንቱ ትምህርት ሲጀመር ሁሉም ስልክ ላይ ይጫን፣ ከዚያ ቀስ ብለን እናስተካክላለን።»

«እሑድ ጠዋትስ? ጎረቤቴ ሊን ጫማዋን ሳታስር «ጠብቁኝ»ን ትጫናለቻ። ሹፌሩ ዓሞ አቡ ኒዳል ደግሞ አልመጣም ካልሽው አውቶቡሱን አስነስቶ እብስ ነው። ሦስተኛ ክፍል ናት እኮ! ዳገቱ ላይ ብቻዋን ቆማ ልትቀር?»

«ተበላሽቷል ካልን ዳይሬክተሯ እስከሚቀጥለው ተርም አትሰማንም። ሚስም ውሸታም ትለኛለች። አሁኑኑ አስተካክይው እንዳልልሽ ላፕቶፑ ቤትሽ ነው።»

ጁማና ጥፍሯን ነከሰች፣ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች።

«ያላ ልጆች፣ ተራችሁ ነው!» አስተማሪያቸው ሚስ ኢብቲሳም በሩ ላይ ሆና ተጣራች። አዳራሹ ውስጥ ዳይሬክተሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ ሰዓቷን ታያለች።

ሩባ የራሷን ስልክ ጁማና እጅ ላይ ጣል አደረገችላት። «በዚህ። እሺ? ስለ አላህ።»

ስልኩ ሞቋል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ቁልፎች ተራርቀው፣ አምረው ተቀምጠዋል። ጁማና ፕሮጀክተሩ አጠገብ እስክትደርስ እያየቻቸው ሄደች፤ ከዚያ ስልኩን መልሳ ሩባ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«አብደሻል እንዴ!» አለቻት ሩባ ጥርሷን ነክሳ።

«አጠገቤ ቁሚ» አለቻትና ገመዱን የራሷ ስልክ ላይ ሰካች። ግድግዳው በዐረብኛ በራ።