ቀትር ላይ የተከፈተው ጉድጓድ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ሌሊት አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ዝቋላ ወረዳ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ግን ስድቡን ልንገራችሁ።

የጥቅምት ኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። ሰቆጣ፣ ባንቺ የምትባል ሴት ምግብ ቤት። የሰደበኝ ደሞዝ ይባላል፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የውሃ ባለሙያ። እኔ መሣሪያ ተሸካሚው ነኝ። በዕድሜ አባቱ እሆናለሁ።

"መሣሪያ ያልለካው ነገር፣ የለም ማለት ነው" አለ እየጎረሰ።

"እኛ ያልለካነው ሁሉ የለም ማለት ነው ወይ?" አልኩት። ይችን ብቻ ነው ያልኩት።

"አንተ ከአራተኛ ክፍል የቀረህ ሰውዬ፣ እኔን ስለ እውነት ልታስተምር? ገመድህን ያዝ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባንቺም ሳቀች። እሷ ባትስቅ ኖሮ ይሄን ያህል አያንገበግበኝም ነበር።

በሳምንቱ የአንድ ጉድጓድ ውሃ ልንለካ ዝቋላ ወረድን።

መኪናው ዳገቱ ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ጉድጓዱ በእጅ የተቆፈረ፣ ከደረቀ የቆየ ነው። አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኗል።

"ቀትሩ ይለፍ ልጄ" አለችው ጥሩሐረግ፣ ጉድጓዱ ያለበት ማሳ ባለቤት። "እኛ በቀትር ጉድጓድ አንከፍትም። ጥላ ዘወር ሲል ትከፍቱታላችሁ።"

ደሞዝ ሳቀ። "ምን ይወጣል? ጋኔን?"

"የወጣውንማ ያየ ሰው መች ነገረን።"

ይህን ብላ ሄደች። ዞራም አላየችን።

ድንጋዩን አነሳን።

የመሣሪያው ገመድ ጫፉ ላይ ብረት አለው። ብረቱ ውሃ ሲነካ መሣሪያው ጢጥ ይላል። ሌላ ሥራ የለውም።

አወረድነው።

ጢጥ...

"ውሃ!" አለ ደሞዝ። ሳብነው።

ብረቱ አቧራ ለብሷል። ደረቅ።

ደግመን አወረድን። ጢጥ... አሁን ግን ከቅድሙ ይልቅ ወደ ላይ ቀርቦ።

አሁንም ደረቅ።

ቀጥሎ ደግሞ ገመዱ ግማሽ እንኳ ሳይወርድ ጮኸ። እየመጣ ነበር... ምን እንደሆነ እንጃ።

ደሞዝ ብረቱን ይዘነው የመጣነው የመጠጥ ውሃ ውስጥ ነከረው። ጮኸ። አወጣው። ዝም አለ። መሣሪያው ደህና ነው።

"የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ነው" አለ። ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ድንጋዮቹን አውልቆ ኪሱ ከተተና አዲስ ሊያመጣ ወደ መኪናው ወጣ።

"እንዳትነካካ!" አለኝ።

ብቻዬን ቀረሁ። ዝንብ እንኳ ውር አይልም።

ጢጥ...

መሣሪያውን አየሁት። የባትሪ ድንጋዩ ቤት ባዶ ነው።

ጢጥ... ጢጥ...

"ጋሼ አሳምነው።"

ዞር አልኩ። ደሞዝ አጠገቤ ቁጭ ብሏል። ኮቴውን አልሰማሁም። ሸሚዙ ያው ነው። ላብ ግን የለውም።

"ይቅር ይበሉኝ" አለ በሹክሹክታ። "ያን ቀን ሰው ፊት አዋረድኩዎት። ልክ እርስዎ ነበሩ።"

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ መሰላችሁ!

"ምኑ ላይ?" አልኩት።

"ያልተለካ ነገር አለ።" ፈገግ አለ። "አሁን ያን ልጅ ይጥሩልኝ። እርስዎ ከጠሩት ይመጣል።"

"የቱን ልጅ?"

በአገጩ ወደ ዳገቱ አሳየኝ።

ደሞዝ ዳገቱ ላይ ነበር። አዲሶቹን ድንጋዮች ይዞ፣ ላብ አጥምቆት እየወረደ ነው።

"አንተ!" ብሎ ጮኸ። "ከማን ጋር ነው የምታወራው? ማነው እሱ?"

አጠገቤ ያለው ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ። አቧራ አልወጣም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመና እጆቹን ዘረጋ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው።

"አትምጣ!" ልል አፌን ከፈትኩ...

"አንተ ደንቆሮ! አትሰማም?" አለኝ ደሞዝ።

አፌን ዘጋሁት።

ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ በወዲያኛው በኩል መንገዴን ያዝኩ። የደሞዝ ኮቴ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ይሰማኛል። የመሣሪያው ጢጥታ ቶሎ ቶሎ... ቶሎ ቶሎ... መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ድምፅ ሆነ።

"አንተ! አንተን እኮ ነው የምጠይቀው! ይሄ ሰውዬ ማነው?"

እኔም እንደ ጥሩሐረግ ዞሬ አላየሁም።