በአንድ ዓይኗ ያለቀሰች

ራሄል ሞታ የተገኘችው በራሷ የውበት ሳሎን ጓዳ፣ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ነው። እጇ አጠገብ ክዳኑ የተከፈተ የማስካራ ብልቃጥ ነበር። የቀኝ ዓይኗ ቀለም ቀልጦ በጉንጯ ላይ ቁልቁል እስከ አገጯ ወርዷል። የግራው ሽፋሽፍት ግን ሰርግ እንደምትሄድ ሴት ቀጥ ብሎ ቆሟል።

የመካነ ሰላም ከተማ የጠዋቱ ጭጋግ ሳይገለጥላት ፍርዷን ሰጠች። «ማስካራው መርዝ ነው» ተባለ። ማስካራውን ከራሄል ጋር የምትሠራው ሸሪኳ ሁዳ ናት። አስከሬኑን ቀድማ ያየችው ሁዳ፣ ጮሃ ሰው የጠራችው ሁዳ፣ ስለዚህም የታሰረችው ሁዳ ሆነች። ሴቶቹ ትናንት ተሻምተው የገዙትን ብልቃጥ ከየቦርሳቸው እያወጡ ቦይ ውስጥ ወረወሩ።

ዋና ሳጅን የሻለም ለሥራ ከሄደችበት ከወግዲ በስልክ ተጠርታ ስትደርስ፣ ሬሳውን የሚጠብቀው ፖሊስ መደምደሚያውን አዘጋጅቶ ቆያት።

«አልቅሳ አልቅሳ ነው የሞተችው፣ ሳጅን።»

«በአንድ ዓይኗ?»

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ የግራውን ዓይን እንደገና አየ።

የሻለም በሕይወቷ ተኳኩላ አታውቅም። ጎንበስ ብላ ግን ብዙ ቆየች። የቀለጠው መስመር ቀጥ ብሎ ወደ አገጭ ነው የወረደው፤ በጀርባው የተኛ ሰው ዓይን ደግሞ የሚፈሰው ወደ ጆሮ ነው። የቀሚሷ ቁልፎች አንዱን ዘለው ተቆልፈዋል። ከንፈሯና የጥፍሯ ሥር ቀላ ብሏል፤ ገና አሁን ከሩጫ የተመለሰች ትመስላለች። ፀጉሯ ወይባ ወይባ፣ ሴቶች የሚታጠኑትን የእንጨት ጢስ፣ ይሸታል። እሱ ግን ለማስረጃ አይሆንም። ወይባ ቤት ባለበት በዚያ ግቢ ድመቷም ወይባ ወይባ ትሸታለች።

የሆስፒታሉ ሐኪም ቁስል አለማግኘቱን ተናገረ፤ ናሙና ይላካል አለ። ከመካነ ሰላም የተላከ ናሙና ውጤቱ እስኪመጣ ልጅ ተወልዶ ክርስትና ይነሳል። ፍርድ ቤቱ ግን ሰኞ ይሰየማል፤ የሻለም እስከዚያ ሌላ ነገር ካላመጣች ሁዳ በነፍስ ግድያ ተጠርጥራ ወደ ደሴ ትሄዳለች።

ሁዳ ጣቢያው ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር።

«አብሽሪ» አለቻት የሻለም። «ምን ምን እንደሚገባበት ንገሪኝ።»

«ጥላሸት ነው፣ ሳጅን። የኑግ ዘይት ኩራዝ ላይ ሸክላ ደፍተን የምንሰበስበው። እሱን በንብ ሰምና በጉሎ ዘይት እናዋህደዋለን። ሌላ የለበትም ወላሂ። ቢልሱት እንኳ አይገድልም።»

«የላሰው አለ?»

«ራሄል።» ሁዳ ልትስቅ ሞክራ አፏ እምቢ አላት። «አንድ የደሴ ነጋዴ በብዛት ልውሰድ ብሎ መጣ። መጀመሪያ ግን እንስሳ ዓይን ላይ ይሞከር፣ ጥንቸል አመጣላችኋለሁ አለ። ራሄል ‹ጥንቸሏ ሰርግ ልትሄድ ነው?› ብላ ሸኘችው። ሁሉን በገዛ ዓይኗ ነው የምትሞክረው። ዝናብ ላይ ትቆማለች፣ ሽንኩርት ከትፋ ታለቅሳለች።»

«በእንባ ይወርዳል?»

«አይወርድም! ሰሙ ለዚያ አይደል? ለቅሶ ቤት ውለው ሲመለሱ እንኳ እንዳለ ነው። ሙቀት ነው የማይችለው። ሙሽሮች ወይባ ቤት ገብተው ሲወጡ ፊታቸው የከሰል ጆንያ ይመስላል። ራሄል በዚህ እንቅልፍ አጥታ ነበር። በመጨረሻ ‹የሚችል ነገር አገኘሁ› አለችኝ። ምን ጨመርሽበት ስላት ‹ሳልሞክረው አልነግርሽም፤ ካልሠራ ትስቂብኛለሽ› አለች። በዚያ ቀን ግራ ዓይኗን በአዲሱ፣ ቀኙን በነባሩ ተቀብታ ነው የተለያየነው። እኔ ደግሞ ሳቅሁባት፣ ሳጅን። አስቀድሜ ሳቅሁባት።»

የሻለም ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይታለች። ይህችኛዋን ግን በምን እንደምታጽናናት ስላላወቀች፣ ውሃ እንዲሰጧት አዝዛ ወጣች።

የራሄል ባል ሞላ በመካነ ሰላምና በደጎሎ መካከል እህል የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። መኪናው ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ተጣልታችሁ ነበር ይላሉ።»

«ባልና ሚስት የማይጣሉበት ቤት ካለ ያሳዩኝና ልከራየው። በሥራዋ አሾፍባት ነበር፤ ‹ከድስት ቂጥ ፍቀሽ ልትከብሪ ነው ወይ› እላታለሁ። ያን ሌሊት ደጎሎ ነኝ፣ ስንዴ ስንጭን። ጫኞቹን ይጠይቁ።»

ጫኞቹ በስልክ ተጠየቁ፤ እውነቱን ነበር።

«ቁልፍ ዘላ ትቆልፋለች?»

«ራሄል?» ሞላ ቀና አለ። «የኔን ሸሚዝ መንገድ መሃል አስቁማ የምታስተካክል ሴት እኮ ናት።»

«እንግዲያው ያለበሳት ሌላ ሰው ነው» አለች የሻለም፣ ለሞላ ሳይሆን ለራሷ።

ከሳሎኑ ቀጥሎ የእንዳልካቸው ሱቅ አለ። የሙሽራ ልብስ ያከራያል፣ ከውጭ የመጣ ማስካራም ይሸጣል። የሻለም ገብታ ጨለም ያለ ጥግ ላይ ያለች፣ ስፖንጅ የተነጠፈባት ወንበር ላይ ቁጭ ስትል ሰውየው ደነገጠ።

«እዚያ ላይ አይቀመጡ፣ ሳጅን! ሰባራ ናት!»

የሻለም ወንበሯን ወዲያ ወዲህ አወዛወዘቻት። «ደህና ናት። ራሄልን መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?»

«አላስታውስም። ስለ ሞተ ሰው ክፉ አልናገርም፤ ግን ይሄ የጥላሸት ነገር ጦስ ያመጣል ብያለሁ። የፋብሪካው ተፈትኖ ነው የሚመጣው። የእነሱን ማን ፈተነው?»

«እሷ።»

«ይኸው ውጤቱ!»

ልብሶቹ የተሰቀሉት ከኋላ መስኮቱ አጠገብ ነው። መስኮቱ ጠባብ መተላለፊያ ተሻግሮ የሚያየው የሸጋዬን ወይባ ቤት በር ነው።

«ጢሱ አያስቸግርዎትም?»

«የት ልሂድ? የጢስ ሽታ ያለው ቬሎ ማን ይከራየኛል? ስናገር ሴቶች ይስቁብኛል።»

የሻለም ተሰናብታ ስትወጣ መንገድ ላይ የነበረች ጎመን ሻጭ ጠራቻት። «አንቺ ፖሊሷ! ከኋላሽ ጠቁረሻል!»

እውነትም የደንብ ልብሷ መቀመጫ ላይ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ ጥቁር እድፍ ነበር። አብሯት የነበረው ፖሊስ ሳቁን በሳል ሸፈነ። «ማስካራው ነው፣ ሳጅን። እርስዎንም ያዘዎት።» የሻለም እድፉን በጣቷ ነክታ አሸተተች። የኑግ ኩራዝ ጥላሸት አይሸትም። ይሄ ወይባ ይሸታል። ወደ ኋላ ተመልሳ ስፖንጁን መያዝ ትችል ነበር፤ ግን ሰውየው መቀመጧን እንጂ እድፉን ማየቷን አላወቀምና ለጊዜው ተወችው።

ሸጋዬ ደጇ ላይ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። የከተማው ሴት ሁሉ ያውቃታል፤ ወልዳ የተነሳች አራስ፣ ልትዳር ያለች ሙሽራ፣ ወገቧን የቆረጣት ሁሉ እሷ ጋ መጥታ፣ ወይባው የሚጨስበት ጉድጓድ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትሞቃለች።

«እትዬ ሸጋዬ፣ ያን ቀን ሠርተው ነበር?»

«አልሠራሁም ልጄ። ለቅሶ ሄጄ ነበር።»

የሻለም ቤቱን አየችው። መስኮት የለውም። ጢሱ የሚወጣበት አንድ ክብ ቀዳዳ ከበሩ በላይ አለ። ከደጃፉ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል።

«ይሄ የጫማ ነው?»

«አዎ። ጫማና ጭቅጭቅ ደጅ ነው የሚቀረው። ጫማ ካለ ውስጥ ሴት አለች ማለት ነው፣ ወንድ አይጠጋም።»

«ራሄልን ያጠቧት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ጎረቤት አይደለሁ?» አለች ሸጋዬ፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ እየሳበች።

ራሄል በተቀበረች ማግስት፣ እሑድ ከሰዓት፣ የሻለም አራቱን ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁዳ ካቴናዋን እንዳደረገች መጣች። ሞላ በር ላይ ቆመ። ሸጋዬ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እንዳልካቸው ሱቁን ክፍት ትቶ መምጣቱን እየደጋገመ አስታወሰ። መሃል ላይ ፍም የሞላ የከሰል ምድጃ ነበር። በሩና መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

የሻለም ከሬሳው አጠገብ የተገኘውን ብልቃጥ ከፍታ ቀኝ ዓይኗን ተቀባች። አልለመደችምና ግማሹ ቅንድቧ ላይ ቀረ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አለ እንዳልካቸው።

«ጥንቸል የለኝም» አለችው።

ፊቷ ላይ ውሃ ደፋች። ማስካራው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ምድጃው ላይ አጎንብሳ ቆየች። ቀና ስትል ጥቁር መስመር ጉንጯን ይዞ ወደ አገጯ ወርዷል። ሞላ ፊቱን አዞረ።

«ራሄል አላለቀሰችም» አለች የሻለም። «ይሄ በእንባ አይወርድም፣ በሙቀት ነው የሚቀልጠው። ወደ አገጯ የወረደው ስትሞት ተቀምጣ ስለነበር ነው፤ አልጋው ላይ ያስተኟት በኋላ ነው። ተቀምጦ፣ ልብስ ተወልቆ የሚሞቅበት ቤት እዚህ ግቢ አንድ ነው። ሁለት ዓይኗን በሁለት ዓይነት ተቀብታ የገባችውም ለፈተና ነው፤ የትኛው ጢሱን እንደሚችል ልታይ። ከንፈሯን ያቀላው፣ መውጫ ያጣ የፍም ጭስ ነው። ክረምት ላይ ከሰል አስገብቶ የተኛ ሰው እንደዚያ ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። ቀስ ብሎ ጉልበት ይወስዳል፤ ልነሳ ሲሉ እግር የለም።»

ሸጋዬ ደረቷን መታች። «እኔ ነኝ የገደልኳት! ‹ሄደው ይምጡ፣ እኔ ዛሬ ከልኩ በላይ እቆያለሁ› ብላኝ ትቻት ሄድኩ። ስመለስ በድን ናት። እንዳልካቸው ‹ፖሊስ ቤትሽን አሽጎ አንቺን ያስርሻል› አለኝ፤ ተሸክመን አመጣናት። ያለበስኳት እኔ ነኝ። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ…»

«እርስዎ ጥለዋት ሄደዋል፣ ይቺን ልጅም ታስራ እያዩ ዝም ብለዋል» አለች የሻለም። «የገደላት ግን እርስዎ አይደሉም። ስንት ሴት እዚያ ቤት ሞቃ ወጥታለች? ቀዳዳው ክፍት ነበራ።»

ፖሊሱ የእንዳልካቸውን ስፖንጅ ይዞ ገባ። አንዱ ፊቱ ላይ ክብ የጥላሸት ማኅተም ነበረው።

«ቀዳዳው ላይ ለክተነዋል፤ ክቡ ልክ ገባ» አለች የሻለም። «ሰባራ ያሉኝ ወንበር ላይ ነው የነበረው።»

«ሰው ያለ አልመሰለኝም!» አለ እንዳልካቸው። «ሸጋዬ ስትሄድ አይቻለሁ። ባዶ ቤት መሰለኝ።»

«ቀዳዳው ከበሩ በላይ ነው። እዚያ ለመድረስ የጫማውን ድንጋይ መርገጥ ግድ ነው። የራሄልን ጫማ የት አደረጉት?»

እንዳልካቸው ሱቁ ክፍት መሆኑን እንደገና ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወው።

«ሳል ይዟት ትውጣ ብዬ ነው እንጂ» አለ። «ልብሴን ጢስ በጢስ አደረገችው። ለሰርግ የተያዘ ልብስ ነበር። ትንሽ ቢያፍናት ትታው ትወጣለች አልኩ።»

«ስታስል ሰማህ?» አለ ሞላ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ሰማሁ። ከዚያ ዝም ስትል… የወጣች መሰለኝ።»

ሞላ እንዲመታው ሁሉም ጠበቀ። ሞላ ግን በር ላይ እንደቆመ እጆቹን አያቸው፤ ምን እንደሚያደርግባቸው ጠፋው። ቁጭ አለ።

«ብልቃጡን እጇ አጠገብ ያስቀመጡትም እርስዎ ነዎት» አለች የሻለም። «ሁዳ እንድትጠየቅ።»

የሻለም የሁዳን ካቴና ፈታች። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር፤ ግን ማንም አልተነሳም።

«ግራ ዓይኗስ?» አለች ሁዳ አንጓዋን እያሻሸች። «አልቀለጠም አይደል?»

«አልቀለጠም።»

«እንግዲያው ሠርቷል ማለት ነው።» ሁዳ ወደ ሸጋዬ ዞረች። «እትዬ፣ ራሄል ስንለያይ ትንሽ ቆርቆሮ ይዛ ነበር፤ አዲሱ ያለበት። የት ነው?»

ሸጋዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «መርዝ መሰለኝ ልጄ። ሽንት ቤት ጣልኩት።»

ሁዳ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ገባው ሰው።

«ሳጥባት» አለች ሸጋዬ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ግራ ዓይኗን በሙቅ ውሃ አሸሁት። በሳሙና አሸሁት። እግዜር ፊት ተኳኩላ እንዳትቀርብ ብዬ በዘይትም ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። እንዳለ ነው መቃብር የገባችው።»

እንዳልካቸው በዋስ ተለቀቀ፤ ክሱ በቸልተኝነት ይሁን በሌላ፣ ዐቃቤ ሕግ ገና እያሰበበት ነው። ሱቁ ክፍት ነው። የከተማው ሴቶች የሁዳ ማስካራ መርዝ አለመሆኑን ሰምተዋል፣ አምነዋልም፤ የሚገዙት ግን ከእሱ ነው። ‹ምን ይታወቃል› ይላሉ።

ሁዳ እስከ ዛሬ ማታ ማታ ኩራዝ ላይ ሸክላ ትደፋለች። አንድ ቀን የዕጣን ሙጫ፣ አንድ ቀን የእንቁላል አስኳል፣ አንድ ቀን የማር እንጀራ ቅሪት ትጨምርበታለች። ከዚያ ግራ ዓይኗን ትቀባና ምድጃው ላይ ታጎነብሳለች።

እስካሁን ሁሉም ይወርዳል።