የሕዝቅያስ ደብተር

ፊልሙን የመረጠው ሕዝቅያስ ነበር። እሑድ ከቸርች ሲወጡ ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ ወዳለች ትንሽ ሲኒማ ይዟት ገባ፤ ፍቅረኛው ሔርሜላም በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም። ጥቁርና ነጭ፣ የድሮ የአውሮፓ ፊልም ነው። አንድ ሠዓሊ ሌላ ሰው የማያያቸውን ፊቶች ከግድግዳ ላይ እያየ ይሥላል። እንቅልፍ ይነሡታል። በመጨረሻ የገዛ ሚስቱ ማን እንደሆነች ይጠፋበትና እንደማያውቃት ሴት ፊቱ አስቀምጦ ይሥላታል።

ሲወጡ ሕዝቅያስ ስለ ብርሃንና ጥላው ያወራል፤ እሷ የቀሉ ዓይኖቹን ታያለች። እሱም ሠዓሊ ነው፤ እንጀራው ግን ኤድመንተን ካለ መጋዘን ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ከሥራ መልስ እንኳ አይተኛም። አውቶቡስ ላይ ሽማግሌ ካየ ፈዞ ይቀራል። ደብተሩን አውጥቶ ይሞነጫጭራል፤ እሷ ስትጠጋ ይከድነዋል። እናቷ «የሠዓሊ ልብ ቤት አይገባም» ሲሏት ስቃ ነበር ያለፈችው። አሁን ሳቁ አልመጣ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉ ሄደች። ሻይ ሊያፈላ ሲወጣ ደብተሩ አልጋው ላይ ቀረ። ከፈተችው። የሽማግሌ ፊት፤ ሌላ ሽማግሌ፤ ደግሞ ሌላ። አንዳንዱ ዓይኑ ተፍቋል፤ አንዱ በእርሳስ ተሰርዟል። በየገጹ ጥግ የአባቷ ስም አለ፦ «አቶ ንዋይ?»

ሁለት ኩባያ ይዞ ሲመለስ ደብተሩን ጭኗ ላይ አየውና በሩ ላይ ቆመ።

«ሕዝቄ፣ ከታመምክ ንገረኝ። ሐኪም ጋ አብሬህ እሄዳለሁ። ብቻ አትደብቀኝ።»

«ማን ታመመ አለሽ?»

«እነዚህ ሰዎች ይመጡብሃል?»

«እኔ ነኝ የምሄድባቸው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ከዚያ ቀስ እያለ ነገራት። ለንደን ውስጥ አጎት የለው፣ ታላቅ ወንድም የለው። ክላፋም አባቷ ቤት የሚልካቸው ሦስት ሽማግሌዎች ፍለጋ ከቸርች ቸርች ሲዞር ከረመ። ያገኘውን ሁሉ እየሣለ፣ አቶ ንዋይ የትኛውን አሳፍረው እንደማይመልሱ ከሽማግሌዎቹ ፊት ሊያነብ ይሞክራል። እንቅልፍ የነሣው ይኸው ነው።

ሔርሜላ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ እስኪወርድ።

«መጀመሪያ እኔን አትጠይቅም?»

«እምቢ ካሉ ከአባትሽ ጋር እንዳላጣላሽ ብዬ።»

እንባዋን ጠርጋ ከደብተሩ ጋር የነበረውን እርሳስ አነሣች። «እኚህን ተዋቸው፤ ከአባዬ ጋር በቸርች ስብሰባ ተኳርፈዋል። እኚህ ይሂዱ። እኚህም። ሦስተኛውን እኔ እፈልጋለሁ።»

«መቼ ይሂዱ?»

«የሚመጣው ቅዳሜ፣ አርሰናል ተጫውቶ ሲያበቃ። ካሸነፈ አባዬ ልቡ ሰፊ ነው።»

«ከተሸነፈስ?»



«ከተሸነፈም በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ» አለችው።