የያሆዴ ጉርሻ

መምህር ገብረሚካኤል ሆሳዕና ባለው ቤቱ በሐዲያ ዘመን መለወጫ በዓል፣ በያሆዴ ማግስት ንጋት ላይ ደም እያስታወከ ሞተ። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሐዳሳ ስትደርስ ወንድሙ ኪሩቤል በሟች ሚስት በወርቅነሽ ላይ ይጮህ ነበር።

«የበዓሉን ምግብ፣ አታካናውን የሠራችው እሷ ናት፤ መርዛዋለች። እሰሩልኝ።»

ሐዳሳ ወደ አስከሬኑ ጎንበስ አለች። ክንዱ መታጠፊያ ላይ ሁለት ትንንሽ ፕላስተሮች ተለጥፈዋል።

«ከአታካናው ማን ማን በላ?»

«ሁላችንም፣ ከአንድ ገበታ» አለች ወርቅነሽ። «ክረምቱን በቆጮና በጎመን ነው ያሳለፍነው፤ ቅቤውን ለበዓሉ አታካና ነበር ያጠራቀምኩት። ዶክተር ታዴዎስ፣ እግዜር ይስጠው፣ ለጉልበቱ ሕመም የሚሰጠውን ክኒን አስዋጠውና ቅቤ ቅቤውን እየለየ በማንኪያ አጎረሰው። ከመብላቱ በፊትም በኋላም ጉልበትህን ልይ ብሎ ጓዳ አስገባው።»

«እሱስ በላ?»

«ጨጓራዬን ያመኛል አለ።»

ታዴዎስ የመድኃኒት ተመራማሪ ነው። ሳሎን ተቀምጦ መነጽሩን ይወለውላል።

«ክኒንዎ ምን ያደርጋል?» አለችው ሐዳሳ።

«እብጠት የሚቀሰቅሰውን ኢንዛይም የሚያግድ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሲውጠው ቆይቷል፤ ምንም አልሆነም። ትናንት የመጣሁት እንኳን አደረሳችሁ ልል ብቻ ነው።»

ሐዳሳ ከሟች የተረፉትን ክኒኖች ይዛ ማድ ቤት ገባች፤ አንዱን ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን የቀለጠ ቅቤ ውስጥ ጨመረች። የውሃው እንዳለ ተቀመጠ፤ የቅቤው ሟሟ።

ከሰዓት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አታካናው ቢመረዝ ሁላችሁም ትታመሙ ነበር። ክኒኑን የሚውጠው እሱ ብቻ ነው፤ ክኒኑ ደግሞ እስከ ትናንት አልጎዳውም። ትናንት የተጨመረው ቅቤ ነው። በጎመን ጊዜ አብዛኛው ሳይሰርጽ ይወጣ የነበረው ክኒን፣ በቅቤ ሟሙቶ ደሙን ሞላው። ጨጓራውን የሚጠብቀውን ኢንዛይም ጭምር አገደና ጨጓራው ደማ።»

«ዶክተሩ አላወቀማ» አለ ኪሩቤል።

«ክንዱ ላይ ሁለት የመርፌ ፕላስተር አለ። እንኳን አደረሳችሁ ሊል የመጣ ሰው መርፌ ይዞ ይመጣል?» ከታዴዎስ መኪና ያስመጣችውን የበረዶ ሳጥን ከፈተች። ሁለት የደም ብልቃጦች አሉበት፤ አንዱ ላይ «ከቅቤ በፊት»፣ ሌላው ላይ «ከቅቤ በኋላ» ተጽፏል። «ማወቅ ፈልገህ ነው ያጎረስከው።»

አንቱታውን ትታዋለች። እንዲህ ያለውን ሰው አንቱ ማለት አፍ ያጎመዝዛል።

«ትንሽ ይደማል ብዬ ነበር የገመትኩት» አለ ታዴዎስ።

«እኔ እኮ መረቅኩህ» አለች ወርቅነሽ።

ካቴና ሲገባለት የታዴዎስ ዓይን ሳጥኑ ላይ ነበር።

«ብልቃጦቹን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡልኝ፤ ገና አልተመረመሩም።»

ኪሩቤል ወርቅነሽን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እሷ ግን ተነስታ ታዴዎስ ባሏን ያጎረሰበትን ማንኪያ ከዕቃዎቹ መሃል ለየች፤ በጨርቅ ይዛ ወስዳም ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው።