የነሐሴ ሃያ አንድ ገጽ

አቶ መልከጼዴቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ካዚኖ በሞላበት የስደት ከተማቸው፣ ዊትኒ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ሞተው ተገኙ። ትራሳቸው እግራቸው ሥር ወድቋል፤ ክሩ ደግሞ አፍንጫቸው ውስጥ ተገኘ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ሞት ሊወስዳቸው ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ሰው ቀደመው።

ወይዘሮ አበባየሁን የጠራቻት ሬሳውን ያገኘችው ጎረቤታቸው ገንዘቤ ናት። አበባየሁ ሃያ ዓመት ሙሉ በካዚኖ ካሜራ ሌባ ስትለቅም ኖራ፣ አሁን በግሏ ትመረምራለች። ሐዘንተኛ ሲያለቅስ ፊቱን አታይም፤ እጁን ነው የምታየው።

ጠረጴዛው ላይ የሟች ደብተር ተቀምጧል። በወጣትነታቸው በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የውጭ ዜና እየሰሙ ይጽፉ ነበር። ከ1960 ነሐሴ እስከ 1961 ታኅሣሥ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ አለው፦ ፕራግ የገቡት ታንኮች፣ የሜክሲኮው ኦሎምፒክ፣ ጨረቃን የዞሩት ሦስት ሰዎች። ከዜናው ሥር የየዕለቱን የራሳቸውን ጉድ አክለውበታል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለወዳጆቻቸው አንድ ገጽ ያነቡ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን እንዲህ አሉ፦

«በሚቀጥለው ሩሲያ ፕራግ የገባችበትን ቀን አነባለሁ። ወንድሜን ሊውልን ማን እንደጠቆመው እዚያ ተጽፏል። ወንድይራድ፣ እንዳትቀር።»

ሊውል እስር ቤት የሞተ ተማሪ ነው። የጠቆመው የልብ ጓደኛው ነው እየተባለ፣ ወንድይራድ ሃምሳ ሰባት ዓመት ሲታሙ ኖረዋል።

አበባየሁ ደብተሩን ገለጠች። ከነሐሴ ፳ ቀጥሎ ፳፪ መጣ፤ በመካከል አንድ ገጽ ተቀዷል። ወደ ኋላ ጥቂት ገጾች ገልጣ አነበበችና ሳቀች። ሬሳ በወጣበት ቤት መሳቅ ነውር ነው፤ እሷ ግን ሳቀች።

ቅዳሜ እዚያ ቤት የደረሱት ሦስት ሰዎች ናቸው። ጠዋት የመጡትን ወንድይራድን አስቀድማ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ሩሲያ ፕራግ የገባችበትን ቀን ያስታውሱታል?»

«ምን ያስረሳኛል! የፍልሰታ ጾም መጨረሻ፣ ነሐሴ አሥራ አምስት። ለፍስኩ ዶሮ ተገዝቶ ነበር። ፖሊሶቹ ሊውልንም ዶሮውንም ይዘው ሄዱ።»

«እርስዎ ነዎት የጠቆሙት?»

«ይህን መመለስ የነበረበት መልከጼዴቅ ነው» አሉ።

ገንዘቤም ቀኑን አልሳተችም። «ጋሽ መልከጼዴቅ "የፍልሰታ ዋዜማ" እያሉ መቼ ሰላም ሰጡን! እኔ ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ነው እንጂ ብዙ እሰማ ነበር» አለች።

ሦስተኛዋ ሳሮን ናት፤ እዚሁ ከተማ ተወልዳ ሰመርሊን በሚባለው ሰፈር ቢሮ የምትሠራ የወንድይራድ ልጅ።

«ከቻይናታውን ሾርባ አመጣሁለት። በር ላይ ሰጠሁትና ሄድኩ። ፓርክ እንኳን አላደረግሁም።»

«ፕራግ የተገባበትን ቀን ታውቂዋለሽ?»

«ኦገስት ትወንቲ ዋን። ጉግል አደረግሁት። ዋይ?»

«እንዲያው ነው። አማርኛ ታነቢያለሽ?»

«ሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ፊደል፣ ወሮች፣ የግዕዝ ቁጥር። የሰው እጅ ጽሑፍ ግን ኖ።»

እሑድ በንባቡ ሰዓት አበባየሁ ሦስቱንም ባዶው ሶፋ ፊት አስቀመጠች። ስልኳ ድምፅ ይቀዳል፤ አማርኛ የማይሰማው መርማሪ ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ምልክቷን ይጠብቃል።

«ገዳዩ የፈለገው የፕራግን ገጽ ነው፤ የቀደደው ግን ነሐሴ ሃያ አንድን» አለች። «በዚያ ቀን ታንኮቹ ከገቡ ስድስት ቀን አልፏቸዋል። ጋሽ ወንድይራድ ወይም ገንዘቤ ቢሆኑ አሥራ አምስትን ይቀድዱ ነበር። ፍልሰታን ጾሞ ያደገ ሰው ይህን አይስትም። ሃያ አንድን የሚቀድድ፣ ኦገስት ማለት ነሐሴ ነው ተብሎ ተምሮ ቀኑ እንደማይገጥም ግን ማንም ያልነገረው ሰው ነው። ከላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ያቃተው ሰው።»

ሁሉም ወደ ሳሮን ዞሩ።

«ይሄ ፕሩፍ አይደለም!» አለች።

«አይደለም። እንግዲያው የሟችን ንባብ አናስቀር።» አበባየሁ ደብተሩን ከፈተች። «ነሐሴ ፲፭። የሩሲያ ታንኮች ፕራግ ገቡ። ዛሬ ሊውልን ወሰዱት። የጠቆምኩት እኔ ነኝ፤ እንጀራዬን እንዳላጣ ፈርቼ። ሰው የጠረጠረው ወንድይራድን ነው። እኔም ዝም ብያለሁ።»

ሳሮን ከወንበሯ ተነሣች።

«ለምን አልነገረኝም? እንዳያነበው እኮ ለመንኩት! ሶፋው ሥር ተንበርክኬ! "እሑድ ከአባትሽ ጋር ትሰሚዋለሽ" ብሎ ሳቀብኝ!»

«ውስጥ አልገባሁም ብለሽኝ ነበር» አለች አበባየሁ፣ ለፖሊሱም ራሷን ነቀነቀችለት።

«አባዬ፣ ላንተ ብዬ ነው! እንዳያዋርድህ ብዬ!»

ወንድይራድ ልጃቸውን አላዩዋትም። ዓይናቸው ደብተሩ ላይ ተተክሎ እንባቸው ይወርዳል። ሃምሳ ሰባት ዓመት የጠበቁት ቃል ነው፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«እስቲ አንዴ ድገሚልኝ፤ ረጋ ብለሽ» አሉ።

ካቴናው ሲቆለፍ፣ አበባየሁ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።